ማሽኑ ስንት ደቂቃ ይቀድም ነበር?

ቦንጋ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ቢሻው፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ የጽዳት ሠራተኛችን አልጋነሽ ከሥራ ልትሰናበት ስለሆነ፣ ሊያድናት የሚችለውንም ነገር ከእርስዎ በቀር በትክክል የሚያውቅ ስለሌለ ነው። የተቀጠረችው እርስዎ ወደ ደካ ከተዛወሩ በኋላ ስለሆነ አያውቋትም።

ነገሩ የተነሣው የመግቢያ ሰዓታችንን ከሚመዘግበው የአሻራ ማሽን ነው። የኢንተርኔት ኬብል ሲገባልን፣ እርስዎ በእጅ ሞልተውት የሄዱትን ሰዓት ማሽኑ ራሱ ከኔትወርክ እንዲወስድ ላደርግ ተነሣሁ። አሠራሩን ሳነብ ተደነቅሁ። ማሽኑ ሩቅ ወዳለ ሰርቨር «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ይልካል፤ መልሱ መንገድ ላይ ሳለ ሰዓቱ እንደሚያልፍ ግን ያውቃል። ስለዚህ የደርሶ መልሱን ጊዜ ለሁለት ከፍሎ ይጨምርበታል። እርስዎ ቢኖሩ «መሄጃውና መመለሻው እኩል ባይሆንስ?» ብለው ይሞግቱኝ ነበር። እኔም ይህንኑ ራሴን ጠይቄ መልሱን እስካሁን እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ሳገናኘው በጠዋቱ ስምንት ሰዓት አለ። ሒሳብ ክፍል ያለው ሳምሶን ጣቱን አስቀምጦ፣ «አብርሆት፣ ቁርሴ ሳይወርድ ምሳዬን አሳለፍሽብኝ እኮ!» አለኝ። የእኛን አቆጣጠር እንዲያሳይ፣ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረውን የብራዚልን ሰዓት መምረጥ ነበረብኝ። ማሽኑ ቦንጋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ብራዚል ያለ ይመስለዋል፤ ሰዓቱ ግን ከሬዲዮው ጋር አንድ ሆነ።

አልጋነሽ ያን ዕለት አሻራዋን ሰጥታ ቆማ ቀረች። «ዛሬስ አላረፈድሽም አለኝ! እኔኮ ሁልጊዜ የምገባው ሬዲዮው ሁለት ሰዓት ሲል ነው።»

ያኔ ትዝ አለኝ። «ሰው ከሚሮጥ ሰዓቱ ይሩጥ» እያሉ ማሽኑን አስቀድመውት ነበር፤ እኔም አብሬዎ ስቄአለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ሁላችንም ስለምናውቅ ቀደም ብለን እንገባለን። ለእርሷ ግን አንድ ሰው እንኳ አልነገራትም፤ ወራቱን ሁሉ አርፋጅ ተብላ ተመዘገበች።

ለአስተዳዳሪዋ ለወይዘሮ በዛወርቅ ነገርናቸው። «ከማርፈዷ ላይ እንድቀንስላት፣ ስንት ደቂቃ ነው ይቀድም የነበረው?» አሉ። እኔ ሩብ ሰዓት አልሁ፤ ሳምሶን ሃያ ደቂቃ አለ። «እናንተው ሳትስማሙ እኔ በምን ልፈርም? ያስቀደመው ሰው ራሱ ይጻፍልኝ» አሉን። ሰዓቱን ከማስተካከሌ በፊት ልዩነቱን አልለካሁም፤ ማሽኑ ትክክል በሆነባት ቅጽበት ማስረጃው አብሮ ጠፋ።

ስንወጣ ሳምሶን፣ «የይለፍ ቃሉ አንቺ ጋ አይደል? ግቢና መዝገቡን አስተካክዪላት፣ ማን ያያል!» አለኝ። እምቢ አልሁ። ዛሬ ለእርሷ ብዬ ብነካው፣ ነገ ሌላው በእርሷ ላይ ሲነካው ምን አፍ ይኖረኛል?

ጋሽ ቢሻው፣ ይህን መጻፍ ለእርስዎ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ደካ ያሉ አለቆችዎም ሊሰሙት ይችላሉ። ቢሆንም ማሽኑን ስንት ደቂቃ እንዳስቀደሙት፣ መቼ እንደሆነም በእጅዎ ጽፈውና ፈርመው ወደ ቦንጋ በሚመጣ ሚኒባስ ይላኩልኝ። ቁጥሩ እርሷን የማያድን ሆኖ ቢገኝ እንኳ እውነተኛውን ይጻፉ። የስንብቷን ጉዳይ የሚያየው ኮሚቴ ሐሙስ ሰኔ 19 ይሰበሰባልና ወረቀቱ እስከ ረቡዕ ሰኔ 18 ይድረሰኝ።

አክባሪዎ አብርሆት