እንግሊዛዊቷ ደራሲ ማን ነበራት?

ሰኞ፣ ጥር 3፣ ሱሉልታ

የስምንተኛ ክፍል ደብተር እያረምኩ ነው። ጣቴ ደንዝዟል። በበሩ ስንጥቅ ጨርቅ ብወትፍም ንፋሱ ጨርቁን ገፍቶ ይገባል። ከት/ቤት ከወጣሁ ወዲህ ቃል ከአፌ አልወጣም። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ነው የማወራው፤ ሌላ ማን አለኝ።

ዳይሬክተሩ አቶ ግርማ ጠሩኝ። ከጥምቀት በኋላ ዓርብ ለእንግሊዝኛ ክበብ ስለ አንዲት የጥንት እንግሊዛዊት ደራሲ ሕይወት ተናገሪ አሉኝ። የሕይወት ታሪኳን መጽሐፍም ሰጡኝ፤ ሽፋኑ የተላጠ ነው። ደስ አለኝ። ምሽቱን የማሳልፍበት አገኘሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 5

የቄስ ልጅ ናት። አላገባችም፣ አልወለደችም። ሰው በሚወጣ በሚገባበት ሳሎን፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ትጽፋለች፤ እንግዳ ሲመጣ ወረቀቱን ትሸሽጋለች። የመጀመሪያ መጽሐፏ ሲታተም ስሟ የለበትም። እኔ ክፍል አለኝ፣ ቁልፍ አለኝ። የጠፋው የሚያንኳኳ ነው።

ገና በጎልማሳነቷ ታመመች። ያስታመመቻት እህቷ ናት፤ እሷም ያላገባች። የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ ራሷን በጭኗ ደግፋ ይዛት ነበር። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት። እህቴን ዘነበችን ላስታውስ አልፈልግም።

ማክሰኞ፣ ጥር 11፣ ከሰዓት በኋላ

ጥምቀት። ታቦቱ ሲመለስ በሰው መሐል ተከተልኩ። ሁሉም ከዘመዱ ጋር ነው። እልል አልኩ፤ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ቶሎ ተመለስኩ።

አከራዬ አዴ ጫልቱ ብቻዬን ስገባ አይተው ጠሩኝ። ጠላ ቀዱልኝ። ምን ብታነቢ ነው ፋኖስሽ የማይጠፋው አሉኝ። የደራሲዋን ነገር ነገርኳቸው። ባልም ልጅም እንዳልነበራት ሲሰሙ ከንፈራቸውን መጠጡ።

“ታዲያ ስትሞት ማን ነበራት?”

“እህቷ።”

“እንግዲያ ሰው ነበራታ! አንቺስ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እህት የለሽም?”

እህት አለችኝ፣ ተፍኪ ነው የምትኖረው አልኳቸው። ከእናታችን አርባ ወዲህ ግን አንነጋገርም። እናታችንን ያስታመመችው ዘነበች ናት፤ እኔ ከማስተምርበት እየተመላለስኩ ነበር። በአርባው ቀን፣ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት፣ መጽሐፍሽን ይዘሽ ሂጂ፣ እዚህ ምን አለሽ አለችኝ። ይዤ ሄድኩ። ይኸው ሁለት ዓመት።

አዴ ጫልቱ ጠላዬን ሞሉልኝ።

“ተፍኪ ከእንግሊዝ አገር ይርቃል?”

ሳቅኩ። ክፍሌ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ጥር 14

ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ቆሜ ተናገርኩ። ክፍሉ ሞልቷል፤ ግማሹ ብርድ ሸሽቶ የገባ ነው። ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላም መጽሐፎቿ እንደሚነበቡ፣ የኖረችበትን ቤት ሰው ከሩቅ እየመጣ እንደሚያየው ነገርኳቸው። ጥሩ ሄደልኝ። ቀጥዬ እህቷ ከደብዳቤዎቿ ብዙውን እንዳቃጠለች ተናገርኩ። አቶ ግርማ ከፊት ወንበር ሆነው፣ ያቺ እህት ዓለምን በደለች፣ ምን ያለች ደንቆሮ ናት አሉ። ተማሪዎቹ ሳቁ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም።

“ዓለም አላስታመማትም፣ ጌታዬ” አልኩ። “ያስታመመቻት እህቷ ናት።”

መደምደሚያዬን ሳልናገር ተቀመጥኩ። አቶ ግርማ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ ቀስ ብለው ልክ ነሽ አሉ።

ለእንግሊዛዊቷ አልነበረም የተናገርኩት። ዘነበች እናታችንን ሁለት ክረምት አገላብጣ አጥባለች። እኔ አንድ ቀን ተባረኪ አላልኳትም፤ እሷም አንድ ቀን መንገዱ አደከመሽ ወይ አላለችኝም። ስንኮራረፍ ሁለታችንም ብቻችንን ቀረን።

ነገ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 15፣ ተፍኪ

ከሱሉልታ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በሰበታ በኩል። አቧራ። ሰበታ ላይ የአውቶቡሱ ጎማ ተነፈሰ። ማዶ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መኪና ቆሟል። ብመለስ ማን ያውቃል? ልቤ ሄዶ መጣ። ጎማው ተቀየረ፤ ተሳፈርኩ።

የዘነበች በር ተቆልፏል። ጎረቤቷ ኦቦ ቶሎሳ አከም ጅርታ ብለው ሰላም አሉኝና በርጩማ አወጡልኝ። ገበያ ናት፣ ትመጣለች አሉ። እህቷ መሆኔን ከመልኬ አወቁ። ደግ አደረግሽ፣ ሰው አይመጣባትም አሉኝ። ምን ልበላት? እጄ ሥራ እንዳይፈታ ጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ።

መጣች። እንዴት ከሳች! አረማመዷ የእማዬ ነው። አየችኝ። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ቆማለች። ወደ እኔም አትመጣ፣ ወደ ቤቷም አትገባ። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። መጻፉ ይብቃኝ፤ እኔ ልነሣና ዘንቢሏን ላንሣላት።