ልክክ ያለው ሰደርያ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ከሰዓት የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ በሱቄ በር አለፈ... መርፌው እጄ ላይ ቀረ። እሳት አጥፊው ታናሽ ወንድሜ ዛሬ ተረኛ ነው። እስኪደውል ድረስ አንድ ስፌት አልሰፋሁም። "አለሁ እኮ እትዬ፣ የቆሻሻ ገንዳ ነው የነደደው!" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ለወንድሜ ጣቢያ መሣሪያ የምትሠራው ኢንጂነር ሞገድ የሚያስተላልፍ የብር ክር አመጣችልኝ። እሷ በነደፈችው መሠረት በክሩ ሰደርያ ደረት ላይ አንቴና ልጠልፍ ነው። እሳት አጥፊው ጭስ ውስጥ ቢወድቅ ያለበት ቦታ ውጭ ባለው ስክሪን ላይ ይታያል አለች።
"በማን ልክ ልስፋው?"
"በወንድምሽ።"
ከዚህ ወዲያ ምን ጥያቄ አለ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
አለቀ! ሱቄ ውስጥ ያለውን የፕላስቲክ አሻንጉሊት አልብሰን ሞከርነው። ምልክቱ ከመንገዱ ማዶ ድረስ ጥርት ብሎ ገባ። ስፌቱም ልክክ ያለ፣ ጣት አያስገባም። ሌላ ሰው እስኪያመሰግነኝ ምን አስጠበቀኝ? ጎበዝ ነኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
ጉድ ሆንኩ። ወንድሜ ለብሶት ጣቢያቸው ኮሪደር ውስጥ ገባ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ነጥብ ድርግም። ሲያወልቀው ተመለሰች። ለፕላስቲክ የሚሠራ፣ ለሰው እምቢ የሚል!
ኢንጂነሯ ግንባሯን ያዘች። "ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነው፣ ሞገዱን ይውጠዋል። አንቴናው ገላ ላይ ሲለጠፍ ደግሞ ቅኝቱ ይዛባል። ባዶ አሻንጉሊት ላይ መሞከሬ!"
እሷ ራሷን ትውቀስ... ገላው ላይ ያጣበቅኩት ግን እኔ ነኝ። ያ የተኩራራሁበት ስፌት። አለቃቸው "በሳምንት ውስጥ ካልሠራ ይቅር" ብሏል። ወንድሜ እንደ ድሮው ጭስ ውስጥ ገብቶ የት እንዳለ ሳይታወቅ ሊቀር ነው? አይሆንም።

እሑድ፣ ጥቅምት 17
ከገላ ማራቅ... በምን? ኮት ስተኩስ ዓይኔ ትከሻው ላይ አረፈ። ውስጡ የምከተው ስፖንጅ! ሮጬ ለኢንጂነሯ ደወልኩላት።
"አንቴናውን ወደ ትከሻ ብወስደው፣ ከስሩ ወፍራም ስፖንጅ ባደርግለትስ?"
ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል። ተቆጣች እንዴ?
"ከስፖንጁ ስር ደግሞ የብረት ክር ያለበት ጨርቅ አንጥፊ" አለች በመጨረሻ። "ሞገዱን ከገላው መልሶ ወደ ውጭ ይልከዋል። አንቺ ሴትዮ፣ እስካሁን የት ነበርሽ?"
ሱሪ ሳሳጥር ነበርኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22
ወንድሜ ሰደርያውን ሲያይ፦ "እትዬ፣ ግመል አስመሰልሽኝ እኮ!"
"ዝም ብለህ ግባ!"
እውነቱን ነው፣ ያስቃል። በሙያዬ እንዲህ ትከሻው ያበጠ፣ ገላ ላይ የማይቀመጥ ልብስ ሰፍቼ አላውቅም። መለማመጃው ክፍል በጭስ ተሞላ፣ ገብቶ በሆዱ ተኛ። ነጥቧ አልጠፋችም። ጎኑን ለወጠ፣ ግድግዳ ተደገፈ፣ ላብ በላብ ሆነ... አልጠፋችም!
አለቃው "ማነው የሰፋው?" አለ።
"እሷ ናት" አለች ኢንጂነሯ። "መላውም የእሷ ነው።"
ወንድሜ ፊቱ በጥላሸት ጠቁሮ ወጣ። "እህቴ እኮ ናት!" እያለ ለሁሉም ይናገራል፣ የማያውቅ ያለ ይመስል። ኮራሁ። ምን እደብቃለሁ፣ በጣም ኮራሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2
አሥራ አራተኛውን ሰደርያ እየሰፋሁ ነው። ለጣቢያው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ታዟል። ከሰዓት መኪናው እየጮኸ አለፈ። ወንድሜ ተረኛ ነው፣ ግመሉን ለብሷል። ቀና ብዬ በመስኮት አየሁና ጎንበስ አልኩ።
መርፌው አልቆመም።