የአድማሴ መጋዘን ማኅበርተኞች

ለምወድህ ለእህቴ ልጅ ለደሴ አበረ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ሆድህስ ከአዳሪ ቤቱ ወጥ ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም ተኳርፈዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከጉልበቴ በቀር የታመመ የለም፤ እሱም ቢሆን ቅዳሴ ላይ ይጠናብኛል እንጂ ሠርግ ላይ ደህና ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የትልልቅ ሰዎች ልጆች በትምህርት ቤታችሁ የምስጢር ማኅበር እንዳላቸው፣ የይለፍ ቃልና መሐላም እንዳለው፣ አንተን በኳስ ጨዋታህ ወደው እንደጠሩህ ጽፈሃል። አዝመራውን ግን፣ ያን ከእኛው አገር ከግምጃ ቤት ከተማ መጥቶ ከአጠገብህ የሚተኛውን ጓደኛህን፣ ሱሪው የተጣፈ ነው፣ አማርኛውም እንደ አገር ቤቱ አገውኛ አውንጊ አውንጊ ይላል ብለው አይሆንም አሉ። አንተም ለመግባት እሱን እንደምትርቅ ልትምል ነው። «ጋሼ፣ ምን ይመክሩኛል?» ብለሃል። ምክር ከእኔ መጠየቅህ ሰው ቢጠፋ ነው።

እኔም የምስጢር ማኅበርተኛ ነበርኩ፤ አትሳቅ። ጣሊያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት፣ እዚሁ ዳንግላ፣ የጨርቅ ነጋዴው አድማሴ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ከየት እንዳገኘ እንጃ። ስለ ፈረንጅ አገር የምስጢር ማኅበሮች የሚተርክ ነው። የእንግሊዝ መኳንንት የመነኩሴ ልብስ ለብሰው ዋሻ ውስጥ ይጠጡ ነበር ይላል። አንዳንዱ እውነት፣ አንዳንዱ ልብ ወለድ ይመስለኛል። አድማሴ እንደነሱ ካልሆንኩ አለ። አምስት ሆነን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመጋዘኑ ኮታችንን ገልብጠን ለብሰን እንቀመጥ ጀመር፤ የእኔ ኮት የውሰት ነበር። ደንቡ ማረሻ የጨበጠ አይግባ ነው። እኔ አራሽ ብሆንም መጽሐፉን የሚያነብላቸው ስላጡ እጄን እንዳላዩ ሆነው አስገቡኝ። ምን ትሠሩ ነበር ብትለኝ፣ ማን እንደማይገባ እንመክር ነበር። ሌላ ሥራ አልነበረንም።

አባትህ ያኔ እናትህን ገና አላገባም፤ ጓደኛዬ ነበር። የሙግት ጉዳይ አለኝ ብዬው በቅሎዬን ይዞ ደጅ ይጠብቀኛል። አንድ የሐምሌ ቅዳሜ የማይገቡትን ስም ስንጠራ አድማሴ «አበረስ?» አለ። ሁሉም ሳቁ። «እሱማ ከበሬው ጋር ይማከር» ብለው እጃቸውን አወጡ። እኔም አወጣሁ፣ ልጄ። ከዚያ ወጥቼ ባይ፣ አባትህ ዝናቡ ላይ ቆሟል። ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝና ርካቡን ይዞ በቅሎዬ ላይ አወጣኝ። ከዚያ ወዲያ ወደ መጋዘኑ አልተመለስኩም፤ ለምን እንደሆነ ግን ለአባትህ ትንፍሽ አላልኩም። ሃያ ዓመት!

ደብዳቤህ ሲመጣ አላስቀምጥ አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ፣ ከኮሶበር ገበያ ባስመጣው ቀርከሃ አጥር ሲያጥር አገኘሁትና ሁሉንም ዘከዘክሁለት። ቀና እንኳ ሳይል «አውቃለሁ፤ ግድግዳው ስንጥቅ ነበረው» አለኝ። ታዲያ በቅሎዬን ለምን ይዘህ ጠበቅከኝ ብዬ ብጠይቀው «በቅሎዋ ምን አደረገችኝ? ደግሞ ይዘንብ ነበር፤ አንተ ጋቢ አልያዝክም» አለና ልጡን አቀብለኝ አለኝ። አቀበልኩት። እስኪመሽ አብሬው አጠርኩ።

ግባ ወይም አትግባ አልልህም፤ ጢም ቢጤም አብቅለሃል አሉ። አዝመራው ግን ከአጠገብህ ነው የሚተኛው። የመኝታ ቤታችሁም ግድግዳ ከአድማሴ መጋዘን የሚወፍር አይመስለኝም።

እናትህ የሻረግ አገላብጣ ትስምሃለች፤ ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልህ ሰው እጅ የላከችው የማር ቅል የሁለታችሁ ነው። እህትህ ማናለብሽ ስምህን ከሰል ባገኘች ቁጥር ግድግዳ ላይ እየጻፈች ትናፍቅሃለች። ባለቤቴ ደጊቱ ትመርቅሃለች፤ ከእኔ ምክር ግማሹን ብቻ ስማ ትላለች። አባትህ ደግሞ ይህን ደብዳቤ ሳነብለት ከአዝመራው ስም ላይ አስቆመኝና «ልጁ ጋቢ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን ቶሎ ጻፍለት።

አጎትህ ሽባባው
ዳንግላ፣ የካቲት ፯ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.