ስለ ወጣቶች ተሳትፎ ሲባል ስለተዘጋው የወጣቶች የቲያትር አዳራሽ

ለተከበሩ የሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎንስ ተሻለዎት ወይ? ባለፈው ስብሰባ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመው ስለ ወጣቶች ሲናገሩ አንድ እጅዎ ከወገብዎ እንዳልተለየ ስላየሁ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሳብ ገብቶኛል። እኔና ቤተሰቤ፣ በማዕከልዎ በር ፊት ለፊት ካለው ፌርማታ ላይ በየቀኑ የሚወርዱት ተሳፋሪዎቼም ጭምር፣ ደህና ነን፤ ለእርስዎም ሙሉ ጤንነት፣ ረጅም ዕድሜና የሚመች ወንበር እንመኛለን።

ምናልባት ካላወቁኝ፣ እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። በማዕከልዎ ደጃፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስመላለስ ኖሬያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሽዎ ይሰጥ የነበረውን የወጣቶች የቲያትር ትምህርት ትከታተል የነበረች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አባትም ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት፣ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው አራቱ መልስ ሳያገኙ ስለቀሩ፣ አምስተኛውን ቢያንስ ሌላ ሰው ያንብበው ብዬ ነው። አቤቱታ እንዳይመስልዎት፤ ምስጋና ነው። ለፋይል አያያዝ እንዲመችዎ ብቻ በቁጥር ከፋፍየዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ትምህርቱ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ እኔም የእርስዎ ወገን ነበርኩ። ልጄ ቲያትር ልማር ብላ ስትጠይቀኝ፣ ቤት ውስጥ የምትሠሪው ድራማ አነሰሽ ወይ ብዬ አሹፌባታለሁ። አንድ ቅዳሜ ግን እግር ጥሎኝ ልወስዳት ሄድኩና በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ክብ ሠርተው ቆመዋል። አስተማሪያቸው በጡረታ የተገለሉ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናቸው፤ አዳራሹ መጋረጃ ስላልነበረው የገዛ አንሶላዎቻቸውን ገጣጥመው ስለሰፉለት ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ መጋረጃ» ይላቸዋል። ያን ቀን ያስተምሩ የነበረው ትወና አልነበረም። አንዱ ሲናገር ሌላው ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ ዓይን ዓይኑን እያየ እንዲሰማው ያለማምዱ ነበር። ልጄ ይህን ሙያ ይዛ ቤት ስትገባ ግራ ተጋባን፤ በቤታችን እኔን ጨምሮ የሚችለው ሰው አልነበረምና። ለዚህ ትምህርት ማዕከልዎ አንድ አዳራሽና ሁለት አምፖል ስለሰጠ እናመሰግናለን። አንደኛው አምፖል ይበራ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ጉድጓዱ። ከማዕከልዎ በር ፊት ለፊት፣ ልክ ፌርማታው ላይ፣ የፍሳሽ ቱቦው ክዳን ከጠፋ ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር። ባለፈው ክረምት፣ ውኃ ሞልቶት መንገድ በመሰለበት ዕለት፣ አንዲት ሴትዮ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ገቡበትና የጭናቸው አጥንት ተሰበረ። ሴትዮዋ አማቴ ናቸው። አውቶቡሱ የእኔ ነው። በሩን የከፈትኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው በክራንች ይሄዳሉ፤ እኔ ደግሞ እዚያ ፌርማታ ላይ ስደርስ እጄ መሪው ላይ ያልበኛል። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሳመለክት፣ ጉድጓዱ በጉድጓዶች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ሊከደን እንደማይችል በትሕትና አስረድተውኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ከቢሮው ገፍትሮ ያስወጣኝ ነበር፤ እርስዎ ግን እስከ በሩ ድረስ ሸኝተውኝ፣ ስወጣ ጉድጓዱን እንድጠነቀቅ መክረውኛል። ይህን ደግነት አልረሳም።

ሦስተኛ፤ ስለ ድርሰቱ። ወጣቶቹ በእትዬ መጋረጃ እየተረዱ «ጉድጓዱ» የሚል ቲያትር ጻፉ። የሰፈር ሰዎች ጉድጓድ ይከደንልን ብለው ወደ አንድ ኃላፊ ይመላለሳሉ፤ ኃላፊው ጉድጓዱ መኖሩን የሚያጣራ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ ኮሚቴው ሊያጣራ ሲመጣ ይገባበታል። ልጄ የወደቁትን ሴትዮ፣ ማለትም አያቷን፣ እንድትጫወት ተመረጠች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወጥ ቤት ገብታ ከአያቷ ጋር ስታወራ ትቆያለች፤ እኔ ስገባ ሁለቱም ዝም ይላሉ። የሴቶች ወሬ ነው ብዬ ተውኩት።

እርስዎም ድርሰቱ ቀድሞ ይታይ ብለው አዘዙ። አሥራ ሁለቱ ገጽ አምስት ሳምንት ከእርስዎ ዘንድ ቆይቶ በቀይ እስክሪብቶ አንድ አስተያየት ተጽፎበት ተመለሰ፤ «ጉድጓድ» የሚለው ቃል ተስፋ አስቆራጭ ስለሆነ «የመሻሻል ዕድል ያለው ሥፍራ» በሚል ይተካ፤ ያለበለዚያ አይፈቀድም። ልጆቹ ታዛዥ ናቸውና ሞከሩት። ልጄ መድረኩ ላይ ተዘርግታ «ኧረ የሰው ያለህ! የመሻሻል ዕድል ያለው ሥፍራ ውስጥ ገባሁላችሁ!» ብላ ስትጮኽ፣ ሊያነሷት የሮጡት ልጆች ሆዳቸውን ይዘው አብረዋት ወደቁ። እትዬ መጋረጃ በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ስቄ አላውቅም ብለዋል። በቲያትሩ ውስጥ ካሉት አስቂኝ ቦታዎች ሁሉ ይህኛው የእርስዎ ብዕር ውጤት መሆኑን ሳልመሰክር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

አራተኛ፤ ስለ በሩ። ትርዒቱ ሊታይ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወጣቶቹ ቅዳሜ ከሰዓት መጥተው በሩ ተቆልፎ አገኙት። በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ፣ አዳራሹ «ወጣቶች ለምን አይሳተፉም?» በሚል ርዕስ ለሚካሄደው ታላቅ ስብሰባ ዝግጅት ስለሚፈለግ የወጣቶቹ ትምህርት ላልተወሰነ ጊዜ መቋረጡ ተገልጿል። ሃያ ወጣቶች ቆመው ወጣቶች ለምን እንደማይመጡ የሚያትተውን ወረቀት አነበቡ። ልጄ ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። አታልቅሺ ልላት ፈልጌ ነበር፤ አላለቀሰችም፤ እሱ ነው የከበደኝ።

በሳምንቱ ደግሞ ለእትዬ መጋረጃ ደብዳቤ ደረሳቸው። ከላይ እንግዶች ስለሚመጡ፣ ወንበር ባዶ እንዳይታይ ሃያውን ወጣቶች ንጹሕ ልብስ አልብሰው በሰዓቱ እንዲያቀርቡ፣ በጥያቄ ሰዓትም አንዳንድ ወጣቶች ሞቅ ያለ ተሳትፎ እንዲያሳዩ ይጠይቃል። ቀኑ ቲያትሩ ሊታይ ታስቦ የነበረበት ቀን ነው። ሰዓቱም ያው ነው። እትዬ መጋረጃ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ተሳትፎ ነው የሚሉት? በደስታ!» ብለው ልጆቹን ሰበሰቡ።

አምስተኛ፤ ስለ ስብሰባው። እኔ ያን ቀን ዕረፍት ነበርኩና አማቴን ደግፌ መጥቼ ከኋላ ተቀመጥን። መድረኩ አምሮበት ነበር። የእትዬ መጋረጃ መጋረጃ ተነቅሎ የክብር እንግዶቹ ጠረጴዛ ልብስ ሆኗል፤ የአንሶላው አበባ ያለበት በኩል ከእርስዎ ፊት ለፊት ስለዋለ ፊትዎን አፍክቶታል። ንግግርዎን ሲጨርሱ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ አሉ። ሃያ እጅ ወጣ። እርስዎም በደስታ ወደ እንግዶቹ ዞረው ፈገግ አሉ።

የመጀመሪያው ልጅ ተነሥቶ፣ «ክቡር ሆይ፣ በራችን ላይ ጉድጓድ አለ፤ ያውቃሉ?» አለ። የቲያትሩ የመጀመሪያ መስመር ነበር። እርስዎም ጉሮሮዎን ጠርገው፣ «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» ብለው መለሱ። የቲያትሩ ሁለተኛ መስመር ነበር። ሌላዋ ተነሥታ ጥናቱ ምኑን እንደሚያጠና ጠየቀች፤ «በመጀመሪያ ጉድጓዱ መኖሩ በኮሚቴ መረጋገጥ አለበት» አሉ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰንበሌጥ የሚሉት ቀውላላ ልጅ፣ የኃላፊውን ሚና ሰባት ሳምንት ያጠናው እሱ ነበረና፣ አፉን በእጁ ይዞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ አንድ ቃል አልሳቱም እኮ! እኔ እዚህ ጋ ሁልጊዜ እሳሳት ነበር» አለኝ። እንዲህ እየተባለ አንደኛው ክፍል አለቀ። አዳራሹ ጥርስ በጥርስ ሆነ፤ ከላይ የመጡት እንግዳ ሳይቀሩ በመሐረብ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

ከዚያ ልጄ የአያቷን ክራንች ተቀብላ ተነሣች። ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ያ የማውቀው እግር ሲጎተት ሰማሁ። ድምጿ የራሷ አልነበረም። «ልጆቼ፣ ሳላይ ቀርቼ አይደለም የገባሁት» አለች። «ወርጄ ወደ ኋላ ዞሬ የልጄን ባል ቀስ ብለህ ንዳ፣ መንገዱ ውኃ ነው እያልኩት ነበር። እያየሁት ወደ ኋላ ስራመድ ነው የገባሁት። ሞተሩ ጮኾ አልሰማኝም፤ እኔም አልነገርኩትም፤ ከነገርኩት ያንን መሪ ዳግመኛ አይዝም።»

ክቡር ሆይ፣ እኔ በሕይወቴ ስብሰባ ላይ አልቅሼ አላውቅም። አማቴ ቀጥታ ወደ መድረኩ እያዩ እጄን ጨበጥ አደረጉና፣ «ዝም በል፣ ልጅቷን እንስማ» አሉኝ። ልጄ ንግግሯን በጥያቄ ጨረሰች፤ «ጌታዬ፣ ሌላ ሰው እስኪገባ ነው የምንጠብቀው?» ብላ። በድርሰቱ እዚህ ቦታ ላይ ኃላፊው ሰዓቱን አይቶ ይወጣል። እርስዎ ግን አልወጡም። ልጄን፣ የአሥራ ሰባት ዓመቷን ልጅ፣ አሻግረው አዩና፣ «እናቴ፣ ይቀመጡ፤ ይከደናል» አሉ። በዚያች ቅጽበት ያሾፍኩብዎትን ሁሉ ይቅር ይበሉኝ ልል ተቃርቤ ነበር። ወዲያው ግን ከላይ የመጡት እንግዳ ተነሥተው ይህን የመሰለ ወጣቶችን ያሳተፈ አዲስ ዘዴ ስለፈጠሩ አመሰገኑዎት፤ እርስዎም እጅ ነሥተው ተቀበሉ።

ስድስተኛ፤ ስለ ውጤቱ። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ የተባለውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ጽፋለች። ስለዚህ አይፈቀድም የተባለው ቲያትር ዛሬ በዘጠኝ ገጽ ተጽፎ፣ ከሥሩ የእርስዎ ፊርማና የማዕከሉ ክብ ማኅተም አርፎበት ይገኛል። ጉድጓድ የሚለው ቃል ሠላሳ አንድ ጊዜ ገብቷል፤ ቆጥሬዋለሁ። በዘጠነኛው ቀን ጉድጓዱ ተከደነ፤ እርስዎም ክዳኑ ላይ ቆመው ፎቶግራፍ ተነሡ። አማቴ ፎቶውን አይተው፣ እርስዎ ወፍራም ሰው ስለሆኑ ክዳኑ መፈተሹ ጥሩ ነው ብለዋል።

አዳራሹ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው። በስብሰባው የተላለፈው ውሳኔ ወጣቶች ለምን እንደማይሳተፉ ተጨማሪ ስብሰባ ይደረግ የሚል ስለሆነ፣ ለእሱ ዝግጅት እንደሚያስፈልግ ይገባኛል። ወጣቶቹ ለጊዜው በእኛ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ፣ ሞተሩ በወጣለት አንድ አሮጌ አውቶቡስ ላይ ይማራሉ። በፊተኛው በር ገብተው በኋለኛው በር ይወጣሉ፤ መካኒኮቹ ሥራ አቁመው ያዳምጣሉ፤ አንዱ ብየዳ ሠራተኛ በመጪው ቲያትር ሐኪም ሆኖ ይጫወታል። ይመቻል ማለቴ አይደለም። ዝናብ ሲመጣ ጣራው ያፈሳል፤ ነዳጁ ይሸታል፤ ከወጣቶቹም አራቱ መንገዱ ርቋቸው ቀርተዋል። አራት ልጆች፣ ክቡር ሆይ። ለምን አልተሳተፉም ብለው በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እንደሚጠይቁ እርግጠኛ ስለሆንኩ፣ መልሱን ከወዲሁ ልኬልዎታለሁ፤ ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ነው።

የጠረጴዛ ልብሱንም እግረ መንገድዎን ቢመልሱልን። አንሶላ ነው፤ ባለቤት አለው።

ለወጣቶች ስላለዎት ፍቅር፣ ለቃላት ስላለዎት ጥንቃቄ፣ ከሁሉም በላይ ሳይለማመዱ ስላሳዩን ድንቅ ትወና ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ሥልጣንዎ እንደ ትዕግሥታችን እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ዘወትር በደጅዎ አላፊና አክባሪዎ ሆኜ እቀራለሁ፤

አንድ የአውቶቡስ ሹፌር

ማሳሰቢያ፦ ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሁለት ታክሲ ለዋውጣ ጋራዡ ድረስ መጥታ ተመዝግባለች፤ እስካሁን አንድ ቅዳሜ አልቀረችም። የመጣች ዕለት እርስዎ የሁለተኛውን ስብሰባ ዝግጅት እየመሩ ስለነበር ከቤት መውጣቷን ልብ አላሉም ይሆናል። የወላጅ ፈቃድ ቅጽ እትዬ መጋረጃ ሲሰጧት፣ «አባዬ ቤት ውስጥ የሰጡትን ወረቀት አያነብም፤ በቢሮ በኩል ላኩለት» ስላለችን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘነዋል። ሌላውን ሁሉ በራሷ ጽሕፈት ሞልታዋለች፤ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።