ጠይባ ስትቀበር ማዶ ስለ መቆሜ

ይድረስ ፈረንሳይ በሚገዛው በሩቅ ምሥራቁ በአናም አገር፣ በሁዌ ከተማ፣ በህንዳዊው የጨርቅ ነጋዴ ቤት በዘበኝነት ለሚኖረው ለታናሽ ወንድሜ ለበድሩ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? በመርከቡ ሆድ ከሰል ስትጭር የያዘህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አብሮህ አረጀ? ሚስትህ እንዴት ናት? ልጅህስ ቁርአን ጀመረች ወይስ የእናቷን አገር ፊደል ብቻ ነው የምትቆጥረው? ዝናቡ ወር ሙሉ አያባራም ያልከው አገር አጥንትህን እንዴት አደረገው? የቤትህን ምሰሶ አላህ ያጽናልህ። ዓምና በጥቅምት ነጋዴው ኢብራሂም ከጅቡቲ ያመጣልኝን ደብዳቤህን እስከ ዛሬ ሳልመልስ የቀረሁት ወረቀት አጥቼ አይደለም።

ሁላችንም ደህና ነን ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ውሸት ስለሆነ አልጀምርም። እህታችን ጠይባ ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ሞታለች። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ሽማግሌ ጎህ ሲቀድ ደጅህ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤት ሰብስቦ ነው የሚያረዳህ። ባለህበት አገር እንዲህ ያለ ሽማግሌ ስለሌለህ እኔው አረዳሁህ። እናታችን ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችህን እህትህን ሲቀብሯት እኔ መቃብሯ ላይ አልነበርኩም። አልታመምኩም፣ አልታሰርኩም፤ ከወንዙ ወዲህ በእግሬ ቆሜ ማዶውን እመለከት ነበር። ይህን ሌላ ሰው ጽፎ ሳይነግርህ ከእኔ ስማው። ነገሩ የሚጀምረው ከደብዳቤህ ነው፤ ጥፋቱ ያንተ ነው ማለቴ ግን አይደለም።

ስለ ሁዌ የጻፍከውን ከዋርካው ሥር ሦስት ጁምዓ ለመንደሩ ሰዎች አነበብኩላቸው። የንጉሡ ከተማ በከተማ ውስጥ መሠራቱን፣ ግንቡን ዙሪያውን በውኃ የተሞላ ቦይ እንደሚከበው፣ በውኃውም ላይ ሰፊ ቅጠል ያለው አበባ እንደሚተኛ ሰሙ። በሩ አምስት መግቢያ እንዳለው፣ መካከለኛው ለንጉሡ ብቻ እንደሆነ ሳነብ አንዱ ብድግ ብሎ፣ ንጉሡ ሲታመም ታዲያ ተሸክመው በየት በኩል ያወጡታል ብሎ ጠየቀኝ። አልጻፈልኝም አልኩት። ተተኩሰው የማያውቁት ዘጠኝ ታላላቅ መድፎች ዘንድ ስደርስ ደግሞ፣ ባይተኮሱ ነዋ አገራቸው የተያዘው ብለው ሳቁ። ነገሥታቱ በሕይወታቸው ሳሉ የመቃብር ግቢያቸውን በጥድ ኮረብታ መካከል አሠርተው፣ ኩሬ አስቆፍረው፣ እዚያው ዓሣ እያጠመዱ ግጥም ይጽፉ ነበር ያልከውን ግን እኔም አልወደድኩትም። ሰው በገዛ መቃብሩ ላይ አይዝናናም።

ፈረንሳይ ከሃምሳ ዓመት በፊት ገብቶ ያን ከተማ ባቃጠለበት ቀን የሞቱትን፣ ከተማው ሁሉ በየዓመቱ በአንድ ቀን ከየደጁ ምግብ አውጥቶ እንደሚያስባቸው ጽፈሃል። ይህን ስትሰማ ጠይባ አለቀሰች። በእኔ ልብ የቀረው ግን ሌላ ነው። እነዚያው ፈረንሳዮች ዛሬ ማኅበር አቁመው የአሮጌውን ከተማ ታሪክ ይጽፋሉ፣ ግንቡን ይለካሉ፣ የተሰበረ ሸክላ ሳይቀር ለቅመው በአንድ ቤት ያስቀምጣሉ ብለሃል። ያቃጠለ እጅ አመዱን ይለቅማል ወይ ብዬ ስቄ ነበር። ስቄ ብቀር መልካም ነበር። አመንኩት።

ኅዳር ላይ አንድ የጣሊያን ሹም ሰይፉ ከሚባል አስተርጓሚ ጋር መጣና፣ ተራራው ላይ ያለው ፍርስራሽ የምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ጠቆመ። በድሩ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ፊደል ያስተማረኝ የለም፤ የዚያን የፈረሰ ከተማ ነገር ከመቃብር ድንጋይ ላይ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ያወቅሁት ራሴ ነኝ። የእኛ ልጆች እንኳ ፍየል ሲጠፋባቸው ካልሆነ አይወጡበትም። ስለዚህ ተነሣሁና መራሁት። ከጧት እስከ ዐስር ሰላት ድረስ ሁሉንም አሳየሁት። ያለ ጭቃ የተካበውን፣ ውፍረቱ ሁለት ሰው አስተኝቶ የሚተርፈውን ግንብ፣ ከባሕር የመጡ ግመሎች የሚራገፉበትን ጎዳና፣ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ፣ ጣሪያው ወድቆ ኢማሙ የሚቆምበት ሚሕራቡ ብቻ የቀረውን መስጊድ አሳየሁት። ከመስጊዱ ጎን የአባታችንንም መቃብር አሳየሁት። ስንት ክንድ እንደሆነ ስናገር ይጽፋል፤ ሲጽፍ ደስ ይለኛል። ድንጋዩን በመዶሻ መታ መታ እያደረገ ጆሮውን ሲያስጠጋ፣ ታሪክ የሚያዳምጥ መስሎኝ ዝም ብዬ ጠበቅሁት።

በታኅሣሥ የጭነት ካሚዮኖች መጡ። ሹሙ የመንገድ መሐንዲስ ነበር፤ የሚፈልገውም ለወንዙ ድልድይ የሚሆን ጠንካራ ጥርብ ድንጋይ ነበር። ሚሕራቡ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰይፉ፣ ጋሼ ይነሡ፣ አሮጌውን ወስደው ለእስላሙ ከገበያው አጠገብ አዲስ መስጊድ ይሠሩላችኋል አለኝ። አልነሣም ስለው አራት ሰዎች እንደ ማሽላ ጆንያ ተሸክመው አውጥተው ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። እጄን እንኳ አላሰሩትም፤ አልፈሩኝም። በአሥራ አንድ ቀን ጨረሱት። ከዚያ በኋላ ሰው በመንገድ ሲያገኘኝ፣ ጋሽ አሊዪ፣ ዛሬስ ማንን ሊያስጎበኙ ነው ይለኝ ጀመር። 

ድልድዩ በግንቦት አለቀ። ልየው ብዬ ወረድኩና በወዲያኛው ምሰሶ፣ ከታች በሁለተኛው ረድፍ፣ የአባታችንን የመቃብር ድንጋይ ተዘቅዝቆ አገኘሁት። ስሙን የቀረጽኩት እኔ ስለሆንኩ አልሳሳትም፤ «ራ» የምትባለዋ የዐረብኛ ፊደል ጠማማ ናት። እዚያው ቆሜ፣ እግሬ ይህን ድልድይ አይረግጥም ብዬ በአላህ ማልኩ። ሙሀባ ባለቤቴ ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ አባትህ ያለው ከአላህ ዘንድ ነው ብላ ቢስሚላህ እያለች ትሻገርበታለች። ሸኹም አስጠርተው፣ መሐላህን ፍታ፣ አሥር ምስኪን አብላና ተሻገር፣ ሃይማኖቱ መውጫ ሰጥቶሃል አሉኝ። መውጫው ለፈለገው ነው፣ እኔ አልፈልገውም አልኳቸው። በበጋ በውኃው ውስጥ እየገባሁ ጠይባን እጠይቃት ነበር፤ ቤቷ ማዶ መሆኑን ታውቃለህ። በሰኔ ወንዙ ሞላ። በሐምሌ ታመመች። በየሳምንቱ ና እያለች ላከችብኝ። ውኃው ይጉደል ብዬ ላክሁባት።

ውኃው አልጎደለም። የሞተች ዕለት አገሩ ሁሉ በድልድዩ አለፈ፤ እኔ ብቻ ወዲህ ቀረሁ። ልጇ ሐምዲያ ሬሳው ሳይነሣ ተመልሳ መጥታ ከድልድዩ መካከል ቆመች። አጎቴ፣ ይኸው እኔ ቆሜበታለሁ፣ ይምጡ፣ እናቴን ሳያዩ አናነሣትም አለችኝ። ጮሃ አይደለም፤ ግን ሰማኋት። ቃሬዛውን ይዘው ብዙ ጠበቁ፤ ስንት እንደጠበቁ እኔ አልቆጠርኩም። አልሄድኩም። ሸኹ ዝናብ እየመጣ ነው ቢሏቸው ወሰዷት። ሶላተል ጀናዛውን ብቻዬን ከዳር ቆሜ ሰገድኩ፤ በውኃው ድምፅ «አላሁ አክበር» የምልበትን የራሴን ተክቢራ አልሰማሁትም። ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ ወንዙ ሲጎድል ገብቼ ተሻገርኩ። አፈሩ ተደልድሎ ሣር አብቅሎ ነበር።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍልህም። ዛሬም ቢሆን ያን ቀን መልሰው ቢሰጡኝ የምሻገር አይመስለኝም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ሰው ኩራት ነው ይላል። ኩራቴ ያለቀው ለመሐንዲሱ ስናገር በዋልኩበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ የቀረችኝ ይህች መሐላ ብቻ ናት፤ እሷን ከለቀቅሁ አሊዪ የሚባል ሰው የለም።

እርጅና መጣ፣ ልመለስ ነውና ከአባቴ አጠገብ ቦታ ጠብቅልኝ ብለህ ለምነኸኝ ነበር። ቦታው የለም። ድንጋዩን ያወጡበት ጉድጓድ በዝናብ ተሞልቶ ከብት ይጠጣበታል። አባታችን የቱ ጋ እንዳለ እኔም ዛሬ ጣቴን ቀስሬ ላሳይህ አልችልም። ጣሊያንም የሚወጣ አይመስለኝም፤ እንዲህ ያለ ድልድይ የሚሠራ ሰው ለመሄድ አይሠራም። እዚያው የእስላም መቃብር ፈልግ። ሚስትህንና ልጅህን አምነህ አርጅ። አልሰማም ብለህ የመጣህ እንደሆነ ከጅቡቲ መምጫው መንገድ በዚሁ ድልድይ ላይ ነው። ወንዙ ሞልቶ ከደረስክ አልወጣም፣ አልቀበልህም። ከወዲህ ሆኜ አይሃለሁ።

ለሚስትህ በእኛ በሁላችን ስም ሰላምታ አቅርብልኝ፤ ስሟን በፊደላችን በትክክል መጻፍ አልቻልኩምና እንዳትቀየመኝ ንገራት። ልጅህን ግንባሯን ሳምልኝ። ደመወዝህን የማያጓድልብህን ህንዳዊ ሙስሊም ወንድማችንንም ሰላም በልልኝ። ሙሀባ፣ ዓይኔ ሳይጠፋ ፎቶግራፍህን ላክ ትላለች። ኢብራሂም ነጋዴው ይህን ሊወስድ አጠገቤ ቆሟል፤ እሱም ሰላም ብሎሃል። ሐምዲያ ከቀብሩ ወዲህ እኛ ቤት ነው ያለችው፤ ውኃ ትቀዳልኛለች፣ ምግቤን ታቀርብልኛለች፣ አትናገረኝም። ለአንተ ያላትን ሰላምታ ለሙሀባ ነገረቻት፤ ሙሀባ ነገረችኝ፤ እኔ ጻፍኩልህ።

ወንድምህ አሊዪ
ሸዋ ሮቢት፣ ከወንዙ ወዲህ
በሻዕባን ወር፣ ጥቅምት 4 ቀን 1931 ዓ.ም.