በምላጭ የተቆረጠው የይልቃል ስም

ኦስሎ፣ ሊንደበርግ
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለማከብርህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፣ ለጋሼ ተክለሃይማኖት፣

ጉልበትህ እንዴት ነው? መድኃኒትህን ሳታቋርጥ እየወሰድክ ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ ሰውነቴ ደህና ነው። ሲከየሙ፣ የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ አዛውንቶቹን ማጠብና ማብላት እንደ ወትሮው ነው። ልቤ ግን ካለፈው ሳምንት ቅዳሜ ጀምሮ እርር እንዳለ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ ድምፄ እንደሚከዳኝ ስላወቅሁ ብዕር አነሳሁ።

ልጄ ማርያ የሙዚቃ ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራው ዴልበርት ሆውስ በሚባል አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ላይ ነው። ዛሬ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ ፒያኖውን እርግፍ አድርጎ ትቶ የባቡር ጩኸት፣ የውኃ ጠብታ፣ የሰው ሳል በቴፕ እየቀዳ፣ ቴፑንም በምላጭ እየቆራረጠና እየቀጠለ «ሙዚቃ ይህ ነው» ያለ ሰው ነው። በአገሩ መጀመሪያ ሳቁበት፤ አንድ ጊዜማ ሰዉ አዳራሹን ባዶ አድርጎለት ወጣ አሉ። ኋላ ግን ዓለም አጨበጨበለት። ያስጨበጨበለት ሥራ ደግሞ እኛ አገር መጥቶ በቀዳው የአንዲት ሴት ድምፅ የተሠራ ነው። ማርያ ይህን ስትነግረኝ ኮርቼ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራው ሰውዬው ራሱ በተገኘበት፣ ኦከርን በሚባል ሰፈር ከአሮጌ ፋብሪካ በተለወጠ አዳራሽ ሲቀርብ የሀበሻ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ።

መብራቱ ቀነሰ። ከአራቱም ማዕዘን «ይል» የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ «ይል፣ ይል፣ ይል»። አንዴ ቀጥኖ እንደ ወፍ፣ አንዴ ጎርንኖ እንደ በሬ። አጠገቤ ያለው ወጣት ዐይኑን ጨፍኖ ራሱን ይወዘውዛል። እኔ ግን ጋሼ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ምን እንደምሰማ ሳላውቅ የፕሮግራሙን ወረቀት እያገላበጥኩ ተቀመጥኩ። ድንገት ከምላጩ የተረፈ አንድ ስንኝ መጣ።

«ይልቃል አንተ ልጅ ራት ቀርቦልሃል፤
እህት ወንድም በላ፣ አንተን ማን ይዞሃል።»

እናታችን ነበረች። ወባ ለወሰደው ወንድማችን ያወጣችው ሙሾ ነበር። እኔ ሰባት ዓመቴ፣ አንተ አሥራ ሰባት። ወገቧን ታጥቃ የጠራችውን የልጇን ስም ሰውዬው ለሁለት ሰንጥቆ፣ ግማሹን ጥሎ፣ ግማሹን ይዞ ከሃምሳ ዓመት በላይ ዓለምን ዞረበት። በያዝኩት ወረቀት ላይስ ምን ተጽፏል? «ድምፅ፦ ስሟ ያልታወቀ ኢትዮጵያዊት»።

ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ተባለ። ተነሳሁ። ማርያ ክንዴን ይዛ «ማማ፣ ተይ፣ ቁጭ በይ» አለችኝ። አልተቀመጥኩም። በዚያች ሥራ ቦታ በለመድኳት ኖርዌይኛዬ «ይህች ሴት እናቴ ናት። ስሟ አንጓች ተሰማ ነው። የምታለቅሰው ለሞተ ልጇ ነው። ልጁ ደግሞ ይል አይባልም፤ ይልቃል ነው» አልኩ።

አወያይዋ ፈገግ ብላ «ስሜትዎን ስላካፈሉን እናመሰግናለን። ሥራው ግን ከቋንቋ በላይ ነው» አለች።

«ከቋንቋ በላይ የሆነባችሁ ቋንቋውን ስለማታውቁት ነው» አልኳት።

ያን ጊዜ ማርያ ክንዴን ለቀቀችና አብራኝ ቆመች። ያልኩትን ሁሉ ለሰውዬው በእንግሊዝኛ ደገመችለት።

ሆውስ ከዘራውን ይዞ ቀስ እያለ ወደ እኛ መጣ። «ስም መሆኑን አላወቅሁም፤ ድምፅ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለ። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ሀበሻ ጠርቶ «ይህች ሴት ምን እያለች ነው?» ብሎ አለመጠየቁ ነው የሚያንገበግበኝ። ምሁራኑ መጽሐፍ ጽፈውለታል፤ ስለ ምላጩ ሳይቀር ጽፈዋል። ስለ ሟቹ አንድ መስመር የለም።

«እናቴ ፈቅዳልህ ነበር?» አልኩት፤ ማርያ ተረጎመችለት።

በከዘራው ተደግፎ መለሰልኝ። «እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንድ ተማሪ ነው ለቅሶው ቤት የወሰደኝ። ፈቅዳለች፣ ስሟ እንዲጻፍ ግን አትፈልግም አለኝ። ሬዲዮ ሰጠሁት፤ በጣም ደስ አለው።»

ማርያ ወደ እኔ ዞራ «በመንደራችሁ ያኔ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ማን ነበር?» አለችኝ። አላስታውስም አልኳት። በትምህርት ቤት ተሸለምኩ ብለህ ያመጣሃትን ሬዲዮ እናታችን እስክትሞት ድረስ በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውላት ማየቴን አልነገርኳትም።

ሰኞ አዘጋጆቹ ደወሉ። ከእንግዲህ በሚታተመው ሁሉ የእናታችንና የይልቃል ስም በሙሉ እንዲሰፍር ሰውዬው ፈርሟል። ያልተቆረጠውን ቅጂም ትናንት ላኩልን። ከማርያ ጋር ቁጭ ብለን ሰማነው። መሃል ላይ እናታችን ለቅሶዋን ታቆምና «ይህ ሰውዬ የያዘው ምንድን ነው?» ትላለች። አንድ ጎረምሳ ይመልስላታል፤ «ምንም አይደለም እማ። አልቅሺ።»

ማርያ የማን ድምፅ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ቀና ብላ አየችኝና ኮምፒውተሩን ዘጋችው።

አሁን አዘጋጆቹ ለቅሶው እንዴት እንደተቀዳ፣ በቦታው የነበረ ሰው በእጁ ጽፎ እንዲልክላቸው ይፈልጋሉ። እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ የምጽፈው የለኝም። አንተ ጻፈው ጋሼ።

እግዚአብሔር ጤናህን ይመልስልህ፤ እጅህንም ያጽናልህ። ጽፈህ እስክትጨርስ ዕድሜ አይንሳህ።

እህትህ
ሀረገወይን