የዘሃራ ጥርሶች

ሰኞ
እማዬ ጮኸች። ሮጬ ስገባ የእህቴ የዘሃራ ሻንጣ ተከፍቷል። እማዬ ክዳኑ የጠበቀ የፕላስቲክ ዕቃ ይዛለች። ውስጡ የሰው ጥርስ ነው፤ ሃያ አራት፣ ውሃ ውስጥ። እኔን አልገረመኝም። ዘሃራ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማረው በጥርስ መሙያ ነበር፤ የትኛው መሙያ ጥርስ ላይ አጥብቆ እንደሚይዝ ትፈትናለች። አባዬ "ጥርስ ግንበኛዋ" ይላት ነበር። እዚህ ቆቦ ልትጠይቀን በመጣች ቁጥር ከክሊኒክ የተነቀለ ጥርስ እያስፈቀደች ትሰበስባለች። ከሞተች ሁለት ወር ሊሆናት ነው። ሻንጣዋን እስከ ዛሬ ማንም አልነካውም።
አባዬ አየና፣ "የሰው አካል ነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንቀብረዋለን" አለ።

ማክሰኞ
አብራት ትማር ለነበረችው ለትዕግስት ደወልኩ። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች። "እንዳትቀብሩት! የቀራት የመጨረሻው ሙከራ ብቻ ነው። እኔ እጨርሰዋለሁ፤ ጽሑፉ በስሟ ይወጣል።" ውሃው ምን ያህል ነው አለችኝ። ጎድሏል። "ጥርሱ ከደረቀ አይረባም። የቧንቧ እንዳትጨምር፤ የተጣራ ውሃ ነው። ጋራዥ ሄደህ የባትሪ ውሃ በላቸው።"

ረቡዕ
ከትምህርት ቤት መልስ ባጃጅ የሚጠግነው ኡመር ጋ ሄድኩ።
"ባጃጅ ገዛህ እንዴ ሰይዶ?" ብሎ ስቆ በሃይላንድ ሰጠኝ።
ቤት ገብቼ ልጨምር ስል ጣቴን ለበለበኝና ጠረጠርኩ። የእንቁላል ቅርፊት ላይ ጠብ አደረግኩ። አረፋ አወጣ። አሲድ! ጥርሶቹን ሊበላቸው ነበር። ሮጬ ሄጄ ለኡመር መለስኩለት።
"የባትሪ ውሃ አላልክም? ወላሂ፣ እኛ ጋ የባትሪ ውሃ ይሄ ነው። ንጹሁን ስጠኝ አትልም!"
ንጹሁን ሞላሁ። ቆጠርኩ፤ ሃያ አራት። የፊዚክስ የቤት ሥራ አልሠራሁም።

ሐሙስ
ሻንጣው ውስጥ የነበረውን የዘሃራን የሙከራ ደብተር አነበብኩ። ጥርሶቹ ቁጥር አላቸው። ስም የለም፤ ዕድሜና የተነቀሉበት ቀን ብቻ። ቁጥር አንድ ላይ ግን በእርሳስ፦ "አባዬ። ቅበሪው ብሎኛል። ስጨርስ እቀብረዋለሁ።"
አምና አባዬ መንጋጋ ጥርሱን ሲያስነቅል በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጥቷት ነበር። "ቀበርሽው?" ሲላት "አብሽር፣ አታስብ" ነበር ያለችው። ቀበርኩት አላለችም። አሁን ገባኝ።
ልንገረው? ቢቀየማትስ? አፉ በለኝ ብላ ይቅርታ ልትጠይቀው አትችል።

ዓርብ
አባዬ ከጁምዓ ሲመለስ አካፋ አነሳ። አላስቻለኝም፣ ትዕግስት ያለችውን ነግሬ ደብተሩን ሰጠሁት። መነጽሩን ፈልጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። "አይ ይቺ ልጅ!" አለና ሳቀ። እሷ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። ወዲያው ፊቱን በፎጣው ሸፈነ።
ቆይቶ፣ "የሌሎቹ ጥርሶች ባለቤቶች ፈቅደዋል?" አለኝ።
"ፈቅደዋል። ያልፈቀድከው አንተ ብቻ ነህ።"
"እንግዲህ ፈቅጃለሁ። ግን ትዕግስትን ስትጨርሺ ሁሉንም መልሺ በላት። የልጄን አደራ እኔ እቀብረዋለሁ።"

ቅዳሜ
ትዕግስት እሺ ብላለች። ነገ ወልዲያ ድረስ መጥታ ትቀበለኛለች። ውሃው እንዳይፈስ ክዳኑን በፕላስተር ጠመጠምኩት፤ ሚኒባሱ እንዳይገለብጠው እቅፌ ላይ ነው የማስቀምጠው።
አባዬ አካፋውን ወደ ቦታው አልመለሰውም። በሩ ጥግ አቁሞታል።